ለእሱ ብላችሁ አትቸገሩ

«ኳስ ነክቶ ለማያውቅ ሰው?» አለ ዱዌን። «ሃያ አንድ ሚሊዮን ዶላር? ያውም በየዓመቱ? በዚህ ብር ግድግዳ ብናስገነባ ከዚህ ቺካጎ ይደርስ ነበር። ግድግዳ ደግሞ ጉልበቴን አመመኝ አይልም።»

ሳቅ ሆነ። ኖርበርት ሳቁን የሰማው የጆይስ ቁርስ ቤት መግቢያ ላይ፣ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ በሁለት በሮች መሃል በተሠራችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ የጫማውን በረዶ ሲያራግፍ ነው። እጁን ወደ ውስጠኛው በር ሰዶ ነበር፤ መለሰው። ኳስ ነክቶ የማያውቀው ሰው የእሱ አንድ ልጅ ነው፤ ሊላንድ። ሊላንድ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለከተማው ቡድን ተጫውቷል፤ ያንን ቁር ደፍተው በትከሻ የሚላተሙበትን የአሜሪካ እግር ኳስ። ቦታው ግራ ግንባር ነው። ኳስ ወርዋሪው ከኋላው ቆሞ እስኪያነጣጥር ድረስ የሚመጣውን ሰው ሁሉ በደረቱ ያቆማል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ውሉ ዛሬ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የፈለገው ቡድን ይወስደዋል። ከተማው ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ ይከፈለው ወይስ ይሂድ።

ኖርበርት ጥቂት ቆየና ጮክ ብሎ ሳለ። ሲገባ ሁሉም ወደየሰሃናቸው አቀርቅረው ነበር።

«ኖርብ!» አለ ዱዌን፤ ጆሮው ቀልቷል። «ስለ ልጅህ እያወራን ነበር እኮ።»

«በደህና ነው?»

«ይከፈለው አይከፈለው እያልን ነዋ። አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ» አለ ኖርበርት፤ ካፖርቱን እየሰቀለ። «ደህና ልጅ ነው። ጫማውን ግን እስከ ዛሬ በር ላይ ነው የሚጥለው።»

እንደገና ሳቁ፤ ይኼኛው ግን የእፎይታ ሳቅ ነበር። ጆይስ ሳይጠይቃት ቡናውን ቀድታ አስቀመጠችለት። በዚህ ከተማ ሰው የገዛ ልጁን አያወድስም። ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ደኑን መንጥረው እርሻ የጀመሩት የቤልጂግ ሰዎች ይዘውት የመጡት ይሉኝታ ይሆናል። የጎረቤትህን ልጅ ታመሰግናለህ፤ የአንተን ሲያመሰግኑብህ ደግሞ አንድ ጉድለት ፈልገህ ታወጣለታለህ። ሁለት እናቶች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተገናኝተው፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ ስታነሳ ሌላዋ የራሷን ስትጥል፣ እግራቸው በብርድ እስኪደነዝዝ የሚቆሙበት ጊዜ አለ። ሊላንድን ቡድኑ የመረጠው ዕለት ቄሱ ቤት ድረስ መጥተው እንኳን ደስ ያላችሁ ሲሉ፣ ነፍሷን ይማርና የኖርበርት ሚስት አርዲስ የመለሰችው «ሥራው መብላት ብቻ ነው» ብላ ነበር። ማታ ግን አልጋቸው ላይ ሆና በጨለማ እንዳለቀሰች ኖርበርት ያውቃል። ለልጃቸው አልነገሩትም። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይነገርም።

የክርክሩ ምንጭ ሌላም ነበር። ቡድኑ የአንድ ባለጠጋ አይደለም፤ የከተማው ሕዝብ ንብረት ነው። እዚያ ቁርስ ቤት ከተቀመጡት ውስጥ የቡድኑን አክሲዮን ወረቀት በመስተዋት አስገብቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያልሰቀለ አንድም የለም። ወረቀቱ ትርፍ አይከፍልም፤ አይሸጥም፤ ለልጅ ከማውረስ በቀር አንዳች አያደርግም። ግን ዱዌን፣ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ በአንዲት ወረቀት «እኔ እንደ ባለቤት ሳየው» ብሎ መናገር ይችላል፤ ብሎም ያውቃል። እንደ ባለቤት ሲያየው ለግራ ግንባር ይህን ያህል መክፈል እብደት ነው። ኳሱን የሚወረውረው አለ፣ የሚቀበለው አለ፤ የሚገፋው ምን አደረገ?

ኖርበርት እንቁላልና የተጠበሰ ድንች አዘዘ፤ ስምንት ዶላር ከሃምሳ። ሌላ ቀን የቡና ሂሳብ በዕጣ ነው፤ አምስቱን ባለነጥብ የመጫወቻ ጠጠር በቆዳ ኩባያ አንቀጥቅጦ ገልብጦ ዝቅተኛ የወጣለት ይከፍላል። ዛሬ ግን ሮሊ ከማዶ ጠረጴዛ ተነስቶ መጣና «የኖርብ በእኔ ነው» አለ። ሮሊ ዕጣ ሳይጥል የሰው ቡና ሲከፍል የታየበት ቀን የለም። ድሮ ወረቀት ፋብሪካው ውስጥ ከኖርበርት ጋር በአንድ ማሽን ላይ ሠርተዋል፤ ኋላ ሮሊ ተምሮ ቡድኑ ቢሮ ገባና ዛሬ ለማን ስንት ይከፈል ብለው ከሚመክሩት አራት ሰዎች አንዱ ሆኗል። የራሱን ሰሃን ይዞ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ቤቱ እንዴት ነው?» አለ።

«ቆሟል።»

«ከአርዲስ በኋላ ማለቴ ነው።»

«አምስት ወር ሆነ። ደህና ነው። ሊላንድ ማታ ማታ ይመጣል። በረዶውን ይጠርጋል፣ ራት ይሠራል። ሾርባው ሾርባ አይደለም፤ ግን ይሞቃል።»

«ሁልጊዜ ይመጣል?»

«ለጨዋታ ሌላ ከተማ ካልሄደ በቀር ቀርቶ አያውቅም።»

ሮሊ ቡናውን በማንኪያ አማሰለ፤ ስኳር አልጨመረበትም ነበር። «እንደ ወንድም ልጠይቅህ ኖርብ። በረሃ ያለው ቡድን ሰዎች ብዙ ብር ዘርግተውለታል። ይሄዳል ትላለህ?»

 ኖርበርት ሊል የፈለገው ግልጽ ነበር፤ የጠየቀውን ክፈሉትና አስቀሩልኝ፣ ማታ የበሩ ድምፅ ባይኖር ያ ቤት ይውጠኛል። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ዱዌን ከወዲያ ማዶ ያያል፤ ጆይስ ጀርባዋን ሰጥታ ታዳምጣለች። ዕድሜ ልኩን ያልወጣ ቃል ቁርስ ላይ ተቀምጦ እንዴት ይወጣል?

«ወዴት ይሄዳል? እኔን ጥሎ?» አለ። «እኛ ደግሞ የገንዘብ ሰዎች አይደለንም። ለእሱ ብላችሁ አትቸገሩ።»

ሮሊ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ እንቁላሉን በግማሽ ትቶ ኮቱን ለበሰ።

«ሮሊ ቁርስ አስተረፈ?» አለች ጆይስ ሰሃኑን እያነሳች። «ሐኪም ጥሩለት።»

ኖርበርት ወደ ቤቱ ሲነዳ ደስ ብሎት ነበር። ማንንም አላስቸገረም፤ የሚገባውን ተናግሯል። መንገዱ በሐይቁ ዳር ያልፋል። መጋቢት ነው፤ በረዶው ሊፈታ ሲል የሚነሳው ጭጋግ ከተማውን ከወገቡ በታች ውጦታል። የወረቀት ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ከሥሩ ተቆርጦ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። መኪናውን ዳር አቁሞ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ክረምቱን በረዶው ላይ ተቀምጠው ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የጣውላ ጎጇቸውን እየጎተቱ ወደ ዳር ያወጣሉ፤ ሕጉ ከዚህ ሳምንት በኋላ በረዶው ላይ ማደርን ይከለክላል። እግራቸው አይታይም። ከትከሻቸው በላይ ብቻ ሆነው በነጩ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ ከኋላቸው ጎጆዎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ይከተሏቸዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ የልጆች መኝታ ቤት በር የተገጠመለት። አርዲስ ብትኖር «ቤት ሲሄድ አየህ?» ትል ነበር። ያለች መሰለውና ወደ ጎኑ ዞረ። የመኪናው ወንበር ባዶ ነበር፤ ግን ባዶነቱ ቀዝቃዛ አልነበረም፤ ገና አሁን ተነስታ የሄደች ይመስል ነበር።  ለምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደቆየ አላወቀም። መስኮቱን ሲዘጋ ጉልበቱ ላይ ስስ ውሃ ተጠራቅሞ አገኘ።

ገበያ ገብቶ የሾርባ አጥንት በዘጠኝ ዶላር፣ ካሮትና ጎመን በአራት ዶላር ገዛ። ዛሬ እሱ ያበስላል። ሒሳብ የምትቀበለው ሴት ዕቃውን በከረጢት እያስገባች «ይቀራል አይደል?» አለች፤ ማን ብላ አልተናገረችም። «እንግዲህ» አለ ኖርበርት። «እግዜር ያውቃል» አለች። ሰባት ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ ሰባቱም ከረጢቱን አዩት፤ ለስንት ሰው እንደገዛ የሚቆጥሩ ይመስል።

ቤቱ ሁለት መኝታ ያለው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ የፋብሪካ ሠራተኛ ቤት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ሁለት ወንበሮች አሉ፤ የአርዲስ ወደ ቴሌቪዥኑ መስተዋት ጠጋ ያለ ነው። ኖርበርት አጥንቱን ጥዶ እዚያ ገባና ቆመ። ልጃቸው በተጫወተበት ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እሱና አርዲስ ኳሱን አይተውት አያውቁም። ጨዋታው ሲጀመር እሷ ብድግ ብላ ሊላንድ የቆመበትን የመስተዋቱን ጥግ በጣቷ ትነካና «ይኸው» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ያንን ቦታ ብቻ ያያሉ። አገር ሲጮህ፣ ጎረቤት ሲያጨበጭብ፣ እነሱ ልጃቸው ከወደቀበት እስኪነሳ ይጠብቃሉ። ሲነሳ አርዲስ ትተነፍሳለች። በአንድ ጨዋታ ስድሳ ጊዜ፣ ሰባ ጊዜ ትተነፍሳለች። ማን እንዳሸነፈ ማታ በሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ኖርበርት ይህን ለማንም አልተናገረም፤ የቡድኑ ባለቤት ሆኖ ኳሱን የማያይ ሰው መሆኑን ዱዌን ቢሰማ ዓመቱን ሙሉ ይጫወትበታል። ግን ያን ሁሉ ዓመት የልጁን ጀርባ በማየት አንድ ነገር አውቋል፤ ሊላንድ የቆመበት በኩል ኳስ ወርዋሪው ዞሮ አያይም። ሌላውን ጎን ይገላምጣል፤ በሊላንድ በኩል ግን ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚተኛ ሰው ነው። ይህ ስንት ያወጣል? ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራ ሰው ይህን በምን ይመዝነዋል?

ስምንት ሰዓት ሲል በሩ ተከፈተ። ሊላንድ ሲገባ ማድቤቱ ይጠብባል፤ መብራቱን በግንባሩ ላለመምታት ጎንበስ ማለት ልማዱ ነው። ጫማውን በር ላይ ጣለ። ሠላሳ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ጺሙ ውስጥ ሽበት ጀምሯል።

«አጥንት ይሸታል» አለ።

«ሾርባ ነው። እንደ አንተ አይደለም፤ ጨው ያለው።»

ሊላንድ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። ኖርበርት ቀዳለትና ፊት ለፊቱ ሆነ።  ኖርበርት የልጁን ግራ እጅ ያይ ነበር። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች አይታጠፉም፤ ማንኪያውን በሦስቱ ይዞ፣ እንደ ሕፃን በቡጢው ውስጥ አቅፎት ይበላል። ማንኪያው አንዴ አመለጠውና ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ።

«አምስት ሰዓት ላይ ደወሉ» አለ ሊላንድ በመጨረሻ።

«ማ?»

«ቡድኑ። አሥራ አምስት አሉ።»

ኖርበርት ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሃያ አንድ አልነበረም እንዴ?»

«እስከ ትናንት ማታ። በረሃዎቹ ሃያ ሦስት ብለዋል፤ እኔ ሃያ አንዱን ይዤ እቀራለሁ ብዬ ለወኪሌ ነግሬው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ወረዱ። ወኪሌ አልገባውም። ‹ልጁ ቤቱን ጥሎ እንደማይሄድ እናውቃለን› ነው ያሉት። ከየት እንዳወቁ እንጃ።» ዳቦውን ቆረሰ። «ግድ የለም አባባ። እፈርማለሁ። አሥራ አምስትም ብር ነው። ሰው በአሥራ አምስት ሚሊዮን አይራብም።»

 ጭጋጉ የማድቤቱ መስኮት ድረስ መጥቶ ቆሞ ነበር። ኖርበርት የሮሊን ማንኪያ በዓይነ ኅሊናው አየ፤ ስኳር በሌለው ቡና ውስጥ ሲዞር። ሁለት ጊዜ የተነቀነቀውን ራስ አየ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እሱ ደግሞ በትሕትና የተናገረ መስሎት፣ እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ፣ የልጁን ስድስት ሚሊዮን ከዚያ አፋፍ ወርውሯል።

«ሮሊን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሊላንድ ቀና አለ።

«ዛሬ ጠዋት። ቁርስ ቤት። ይሄዳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልከው?»

«ሁልጊዜ የምንለውን።»

ሊላንድ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። የዚህ አገር ልጅ ነውና ያውቀዋል። ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነከረና ትቶት ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ኖርበርት ልጁን እንዲህ አቀርቅሮ ያየው አርዲስን የቀበሩ ዕለት ነው፤ ያን ዕለትም ሁለቱ በዚሁ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ መኪና ጎማ ነበር ያወሩት። ለክረምት የሚሆነው ጎማ ስንት እንደገባ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጎማ።

ኖርበርት ብድግ ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሳ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ብላ አንተ።»

ሮሊ ቶሎ አነሳው። ከኋላው የሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«ኖርብ፣ አሁን ሰዓቱ...»

«ስማኝ ሮሊ። ጠዋት የነገርኩህ ውሸት ነው።»

«የቱ?»

«ሁሉም። ለእሱ ተቸገሩ።» ጀርባውን ለልጁ ሰጠ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ፣ ገመዱን ጣቱ ላይ እየጠመጠመ። «ልጄ በዚያ ቦታ ላይ ካሉት ሁሉ ይበልጣል። እኔ አባቱ ስለሆንኩ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሌላ ነገር አላየሁም፤ እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ያ ኳስ ወርዋሪያችሁ በግራው በኩል ዞሮ አይቶ ያውቃል? አንድ ጊዜ? ዞሮ የማያየው ምን ስላለ ነው? ለሚወረውረው ስትከፍሉ ማን አስወረወረው? ይገባዋል። ሃያ አንዱም ይገባዋል፤ ሃያ ሦስቱም ይገባዋል።»

 ከሮሊ ኋላ የነበሩት ድምፆች ጸጥ ያሉ መሰለው።

«ሠላሳ ዓመት ሳውቅህ» አለ ሮሊ ቀስ ብሎ፣ «እንዲህ ስትናገር ሰምቼህ አላውቅም።»

«እሱም ሰምቶኝ አያውቅም» አለ ኖርበርት። «እዚሁ ተቀምጧል።»

ሮሊ ወደ ላይ፣ ወደ አለቆቹ ቢሮ ልውጣና እደውላለሁ አለ። ኖርበርት ስልኩን ሰቀለ፤ ግን አልዞረም። ከኋላው ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማ፤ ማንኪያው ሲነሳ፤ ሾርባው ሲጠጣ ሰማ።  ሊላንድ ሁለተኛ ሰሃን ራሱ ተነስቶ ቀዳ። ለኖርበርትም ጨመረለት።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

«አሥራ ሰባት» አለ ሮሊ። «ከዚህ በላይ አልሆነም ኖርብ። ተከራከርኩ፤ እውነቴን ነው። ለግራ ግንባር ሃያ አንድ ከከፈልን ኳስ ከሚቀበሉት አንዱን እናጣለን። ገንዘቡ እኮ የእኔ አይደለም፤ የከተማው ነው። ዱዌንን ምን ልበለው?»

«ትናንት ሃያ አንድ ስትሉ የማን ነበር?»

«ትናንት... ትናንት ይሄዳል ብለን ፈርተን ነበር።»

 «እንግዲህ ጠብቅ» ብሎ ኖርበርት ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ዞረ። «አሥራ ሰባት ነው የሚሉት።»

«ይበቃል» አለ ሊላንድ ወዲያው። «አባባ፣ ይበቃል። እሺ በለው።»

ይህኔ ነበር ከባዱ። እሺ ማለት ብቻ ነው የቀረው። እሺ ካለ ነገ ማታ በሩ ይከፈታል፤ ከነገ ወዲያም፤ አዲሱ ውል እስኪያልቅ፣ ለአራት ዓመት። ጨው የሌለው ሾርባ ይኖራል፤ በረዶ የሚጠርግ ይኖራል፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይተነፍሳል። እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነው። ከዚያ የልጁን እጅ አየ፤ እነዚያን የማይታጠፉ ሁለት ጣቶች። ይህ እጅ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ሸሚዝ ይቆልፍ ይሆን? ለዚያ ጊዜ ማን ይከፍላል? ከተማው? ዱዌን?

«ከትናንቱ የጎደለው አራት» አለ ኖርበርት፣ «እሱ የእኔ ብቸኝነት ነው። ዋጋ አውጥተው ከደሞዝህ ቆረጡት። እኔ አልሸጥኩላቸውም።» ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ። «አይሆንም ሮሊ።»

«ኖርብ፣ አስብበት። ብቻህን ነው የምትቀረው።»

«አውቃለሁ» አለ። «ቁርስ ቤት እንገናኝ።» ሰቀለው።

ሊላንድ ተነስቶ ቆሟል። የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መብራቱ ከግንባሩ ፊት ይወዛወዛል። «ሰዓቱ...» አለ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ተመለከተውና፣ ይህን ነገር በእናቱ ማድቤት ውስጥ መናገር የከበደው ይመስል፣ ጫማውን ሳያስር ወጣ። ኖርበርት በመስኮቱ አየው። መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም። ጭጋጉ መኪናውን ከበበው፤ ከውስጥ ደግሞ የሊላንድ ትንፋሽ መስተዋቱን አደበዘዘው፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ጥላ ብቻ ቀረ፤ መሪው ላይ የተደፋ።

ኖርበርት ካፖርቱን ሳይደርብ ወጣ። በሩን ከፍቶ ከጎኑ ተቀመጠ። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ወደፊት አዩ፤ ከፊታቸው የሚታይ ነገር ግን አልነበረም።

«እዚያ ሙቀት ነው?» አለ ኖርበርት።

«ሙቀት ነው።»

«አሁንም?»

«አሁንም። ሰዎቹ በቁምጣ ነው የሚሄዱት።»

«በመጋቢት?» ኖርበርት አሰበበት። «ጥር ላይ እመጣለሁ እንግዲህ። እስከዚያ ቁምጣ እገዛለሁ።»

«አውሮፕላን ላይ ወጥተህ አታውቅም እኮ።»

«ሌላም አድርጌ የማላውቀውን ዛሬ አድርጌያለሁ።»

ሊላንድ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ደወለ። የወኪሉ ድምፅ መኪናውን ሞላው፤ ፈጣን፣ የከተማ ሰው ድምፅ ነበር። ሊላንድ በረሃዎቹን እሺ በላቸው አለው። ወኪሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እርግጠኛ ነህ? ሰዓቱ ስድስት ደቂቃ ነው የቀረው፤ መመለስ የለም። ትናንት እኮ አባቴን ትቼ የትም አልሄድም ብለኸኝ ነበር። ምን ተለወጠ?»

ሊላንድ መሪውን በጤነኛው እጁ ያዘ።

«አባቴ ደወለላቸው» አለ። «ይገባዋል አላቸው።»

«ምን አላቸው?»

«ይገባዋል አለ። ጮክ ብሎ። እኔ እየሰማሁ።»

ኖርበርት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጆሮው እንደ እሳት ጋለ። እንዲህ ሲሆን የሚባለውን ያውቀዋል፤ አንድ ጉድለት ማንሳት፣ አንድ ቀልድ ጣል ማድረግ፣ ነገሩን ማሳነስ። ቃሉ ምላሱ ላይ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። ኖርበርት ከንፈሩን ገጥሞ፣ ቃሉ እስኪያልፍ ድረስ፣ ዝም አለ።